ሁለቱም ጎኑ ነጭ የሆነ ቆርኪ

የእህቴ የፍሬ አርባ በወጣ ማግስት እማዬ አሮጌ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አምጥታ አልጋዬ ላይ አስቀመጠችው። "እኔ አልችልም፤ አንተ ክፈተው" ብላኝ ወጣች። ትንሽ ቆየሁና ከፈትኩት። በውስጠኛው ኪስ ኮምፓስና ማስመሪያ የምትይዝበት ቆርቆሮ ነበር። ቆርቆሮው ውስጥ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛውን ቆይቼ እናገራለሁ፤ አሁን እጄ አይሄድልኝም። ሁለተኛው ቆርኪ ነው። የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ፣ ጫፉ ተበስቶ ቀይ ክር የታሰረበት፣ 31 ቁጥር የተጻፈበት። አገላበጥኩት። በዚህም ነጭ ነው፣ በዚያም ነጭ ነው። እንደዚያ መሆን አልነበረበትም።

ጥሩ ጸሐፊ አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ገና ዓመቴ ነው። ግን ይህን ቆርኪ ለማስረዳት ወደ ልጅነቴ መመለስ አለብኝ፤ ከእኔ ጋር ያደጋችሁ ልጆች ደግሞ ቶሎ ትረዱኛላችሁ። ቆርኪ ጠፍጥፈን፣ በሁለት ቀዳዳ ክር አስገብተን፣ እጃችን እስኪቆረጥ ያሽከረከርን ነን እኮ።

ልጅ እያለሁ የምንማርበት ትምህርት ቤት የካቶሊክ ነበር፤ ከየካ ሚካኤል ቁልቁል ሲወርዱ፣ ረጅም የድንጋይ አጥር ያለው። ካቶሊኮቹ ጥቂት ነበሩ። አብዛኞቻችን ኦርቶዶክስ፣ ጴንጤና ሙስሊም ነበርን፤ ወላጆቻችን የሚልኩን ለሥርዓቱና ለእንግሊዝኛው ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ቆርኪ መጫወቻ ብቻ አልነበረም። በየክፍሉ በር አጠገብ ምስማር የተመታበት ጣውላ ተሰቅሏል፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ምስማር፣ በእያንዳንዱ ምስማር ላይ አንድ ቆርኪ። በአንድ ጎኑ ነጭ ተቀብቷል፣ በሌላው ጎኑ ከሰሌዳ ቀለም የተረፈ ጥቁር። ጠዋት ስትገባ ደህና ከሆንክ ነጩን ወደ ውጭ አድርገህ ትሰቅላለህ። ደህና ካልሆንክ ጥቁሩን። ማንም "ምን ሆነህ ነው?" ብሎ እንዲጠይቅ አይፈቀድም፤ መምህርም ቢሆን። አሥራ ሁለተኛን ስንጨርስ ቆርኪያችንን ይዘን እንወጣ ነበር። የእኔ የት እንደገባ አላውቅም።

ይህን ያመጡት ሲስተር ሮዛ ናቸው። አጭር መነኩሲት ነበሩ፤ በነጭ ቀሚሳቸው ላይ ግራጫ ሹራብ ደርበው፣ እግራቸው ላይ የስፖርት ጫማ። በእረፍት ሰዓት እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው በየክፍሉ ይዞሩና ጣውላውን አይተው ዝም ብለው ይሄዳሉ። ከዚያ ሳምንቱ ከማለቁ በፊት ጥቁር የሰቀለውን ልጅ በሰበብ ይጠሩታል፤ "ና እስቲ ጠመኔ አድርስልኝ" ይሉታል። ከጸሎት ቤቱ ጎን ትንሽ ክፍል ነበረቻቸው። ሻማና ብርቱካን ትሸታለች። ብርቱካኑን ልጠው ግማሹን ለልጁ፣ ግማሹን ለራሳቸው ያደርጋሉ፤ ልጁ እየበላ ያወራል። በሰልፍ ላይ ቆመው ያሉትን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። "እዚያ ክፍል የሚነገር እዚያው ይቀራል" ብለውናል። ሁላችንም ሰምተናል።

ያኔ የምንኖረው ከየካ ሚካኤል ጀርባ፣ ዳገቱ ላይ በተከራየነው ቤት ነበር። አባዬ የዚያ አካባቢ ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ በፊት እዚያው ያርሱ ነበር፣ ከእህቱ ጋር ሲያወራ አሁንም በኦሮምኛ ነው። እማዬ ወረዳ መዝገብ ቤት ትሠራለች። ቅዳሜ ከሰዓት እኔና ፍሬ ወደ ባሕር ዛፉ እንወጣለን። የዘይት ጀሪካን ለሁለት ሰንጥቀን፣ እሱ ላይ ተቀምጠን በደረቀው ቅጠል ላይ ቁልቁል መንሸራተት ነው ሥራችን። ቅጠሉ ሲፈጭ የሚወጣው ሽታ አፍንጫ ይከፍታል፤ ሹራባችን እስከ ሰኞ ያንን ሲሸት ይቆያል። እኔ አሥር ዓመቴ ነው፣ እሷ አሥራ አምስት። ለመንሸራተት ትልቅ ነበረች። የክፍሏ ልጆች ካሉ ጀሪካኑን ለእኔ አሸክማ እንደ ሞግዚት ቆማ ታያለች፤ ከሌሉ ቀድማኝ ነው የምትቀመጠው።

አንድ ቅዳሜ ከላይ ሆኜ ስጠብቃት ታች ወደቀች። እያሳቀችኝ መሰለኝ። ስቄባታለሁ፤ ይህን መቼም አልረሳውም። ስወርድ ዓይኗ ተገልብጧል፣ እጅና እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ከአፏ ደም የቀላቀለ አረፋ ይወጣል። ምን እንደማደርግ አላወቅኩም። ስሟን ጠራሁ። ከዚያ ቆመ፣ ተኛች፣ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ከፀጉሯ ውስጥ ቅጠል ስለቅም ቆየሁ። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ማን እንዳየ ነው። ማንም፣ አልኳት። የመጀመሪያዋ እንዳልሆነም ነገረችኝ፤ ሁለት ጊዜ ብቻዋን ሆና ደርሶባታል።

በሰፈራችን የሚጥል በሽታ የነበረባት አንዲት ልጅ ነበረች። መንገድ ላይ ስትወድቅ ሰው ከቧት ይቆማል፣ አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ይይዝላታል። ከዚያ በኋላ እሷ በጠጣችበት ማንም አይጠጣም። ትምህርቷንም አስጣሏት። ፍሬ ደግሞ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች፤ ሐኪም እሆናለሁ ትል ነበር። እጄን አጥብቃ ያዘችኝ።

"ከትምህርት ያስቀሩኛል፣ ናሆሜ። ሚካኤልን በል።"

"ሚካኤልን" አልኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ክብሪት መያዝ ጀመርኩ። የአሥር ዓመት ልጅ ሐሳብ ነው፤ ከወደቀች ሮጬ እደርሳለሁ፣ ጭሬ አፍንጫዋ ሥር እይዝላታለሁ፣ ማንም ሳያይ ትነሳለች። ከማዕድ ቤት አንድ ፓኮ ወስጄ እንዳይንኳኳ ጥጥ ጠቅጥቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በእረፍት ሰዓት ኳስ ትቼ ፍሬ ከምትማርበት ከዘጠነኛ ክፍል መስኮት ሥር እቆማለሁ። ምሳ አይወርድልኝም። የሚደንቀው፣ ቆርኪዬን በየቀኑ በጥቁር እሰቅል ነበር። መናገር አልችልም እንጂ ደህና አለመሆኔን ልዋሽ አልፈለግኩም።

ሲስተር ሮዛ በሰበብ ሳይጠሩኝ በፊት የዲሲፕሊኑ ቲቸር ሙሉጌታ ቦርሳ ፈተሹ። ክብሪቱን በሁለት ጣታቸው አንስተው ለክፍሉ አሳዩ። ሲጋራ ጀምረህ ነው ወይስ ትምህርት ቤቱን ልታነደው ነው አሉኝ። ልጆቹ ሳቁ። በዚያው ሰዓት ስም ወጣልኝ። "ክብሪቱ መጣ፣ ውሃ አዘጋጁ!" ይሉኝ ነበር፤ ይህ ስም እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከትሎኛል። ነገ አባትህን ይዘህ ና ተባልኩ። ይህን ጊዜ ሲስተር ሮዛ በር ላይ ቆመው ነበር። "ለእኔ ይተዉልኝ" አሏቸውና እጄን ይዘው ወሰዱኝ።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት መናገር አለብኝ። ዓርብ ዓርብ ካቶሊክ የሆኑት ልጆች ለአባ ንስሐ ሊገቡ ወደ ጸሎት ቤት ሲሄዱ እኛ እንጫወት ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ፣ አባ የሰሙትን ቢገድሏቸው እንኳ አይናገሩም ብሎ ነግሮኛል። የእኛም የንስሐ አባት ቤታችን ሲመጡ እማዬ በሩን ዘግታ ነው የምታወራቸው፤ እሷ ያለቻቸውን አባዬ እንኳ አይሰማም። የሲስተር ሮዛ ክፍል ደግሞ ግድግዳው ላይ መስቀል አለበት፣ ከጸሎት ቤቱ ጋር ተያይዟል። ልጅ ነኝ፤ አንድ ነገር መሰለኝ። እዚያ ብናገር መሐላዬ የማይፈርስ፣ ለሰው የተናገርኩ የማይባል መሰለኝ።

ግን ጠይቄያቸዋለሁ። ብርቱካኑን እየላጡ ሳሉ፣ ለማንም አይናገሩም አይደል አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

"ለማንም" አሉኝ። "እዚህ የተባለ እዚሁ ነው የሚቀረው።"

ነገርኳቸው። ሁሉንም። ስጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ራበኝ፤ የእሳቸውንም ግማሽ ብርቱካን በላሁ። ከዚያ ክፍል ስወጣ ትከሻዬ ቀሎኝ ነበር። ወደ ክፍል ስመለስ ቆርኪዬን ገለበጥኩና ነጩን አደረግኩ።

በማግስቱ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በመስኮት ስመለከት እማዬና አባዬ ግቢው መሃል ቆመዋል። እማዬ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ናት። ሲስተር ሮዛ ያወሯቸዋል፤ አባዬ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይጠመዝዛል። ፍሬ ቦርሳዋን ይዛ ከክፍል ወጣች። እነሱ ጋ ከመድረሷ በፊት ቆመችና ወደ አራተኛ ክፍል መስኮት ዞር አለች። አየችኝ። እኔ ጎንበስ አልኩ።

አባዬ እንጦጦ አክስቴ ጋ ወሰዳት፤ እዚያ ሆና ጠበል ስትጠመቅ ሁለት ወር ቆየች። ትምህርት አመለጣት። አሁን ደግሞ ይህን ካልጻፍኩ ውሸታም ነኝ፦ ሲስተር ሮዛ በስፖርት ጫማቸው ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወጥተው አባዬን ለምነውታል። ጠበሉን አትተው፣ ሐኪምም ይያት አሉት። እሺ አለ። ኪኒን ታዘዘላትና መውደቁ ቆመ። በሚቀጥለው ዓመት ዘጠነኛን ደግማ፣ ከእሷ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ተቀመጠች። ከትምህርትም አላስቀሯትም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሲስተር ሮዛ አዳኗት ይላል። እማዬም ትላለች። ልክ ነው፣ አድነዋታል።

ከእንጦጦ የተመለሰች ቀን ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ከስታ ነበር። የተሰነጠቀውን ጀሪካን አዘጋጅቼ በር ላይ ጠበቅኳት። አልተቆጣችም። ጭንቅላቴን ዳበስ አድርጋ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

"ሚካኤልን ብለህ ነበር እኮ።"

በቃ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንስታ አታውቅም። ክፉም አልሆነችብኝም፤ ክፉ ብትሆንብኝ ይሻለኝ ነበር። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ትምህርት ቤት ሩቅ ሆነ። ጠዋት በታክሲ ውስጥ ትከሻዋ ላይ እየተኛሁ ነው ያደግኩት። ሒሳብ ያስጠናችኝ እሷ ናት፤ አንዱ "ክብሪቱ" ብሎ ሲጠራኝ ሄዳ ጆሮውን የቆነጠጠችልኝም እሷ ናት። ግን ምንም አትነግረኝም። ምን እንደሚያማት፣ ማንን እንደምትወድ፣ ምን እንደምትፈራ፣ ምንም። ሲስተር ሮዛ ደግሞ እማዬን ባገኙ ቁጥር፣ ፍሬ ደህና ናት፣ ቆርኪዋ ሁሌም ነጭ ነው ይሏት ነበር።

አሁን ምን አድርጋ እንደነበር ገብቶኛል። ጥቁሩን ጎን በፍሉድ፣ የእስክሪብቶ ስህተት በምናጠፋበት ነጭ ቀለም፣ ደራርባ ቀብታዋለች። ቁጥሯን ከላዩ ላይ በእስክሪብቶ መልሳ ጽፋበታለች። ጣውላው ላይ የሚታየው አንድ ጎን ብቻ ስለሆነ ማንም አላየም። በዚህ ብታዞረው ደህና ናት፣ በዚያ ብታዞረው ደህና ናት። ዘጠነኛን ከደገመችበት ዓመት እስክትጨርስ ድረስ እንዲያ ሆና ኖረች።

አንደኛውን ነገር ቆይቼ እናገራለሁ ብዬ ነበር። ኪኒን ነው። የአራት ወር ኪኒን፣ አንድም ፍሬ ያልተነካ፣ በወጉ ተደርድሮ። ማታ ማታ ከእራት በኋላ ማዕድ ቤት ገብታ ብርጭቆ ስታጥብ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ስትጠጣ እሰማ ነበር። ያ ድምፅ ያረጋጋኝ ነበር። ለካ ውሃ ብቻ ነበር የምትጠጣው። ለምን እንዳቆመች አላውቅም። ሥራ ከጀመረች በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ እንደሚላት አንዴ ተናግራለች፤ ከዚያ በላይ አላለችም። እኔን ጠይቃኝ ቢሆን ኖሮ ምን እላት እንደነበር እንጃ። አልጠየቀችኝም። ለእኔ መንገር ምን እንደሚያመጣ አንዴ አይታዋለች። እንግዲህ ከዳተኛ የምለው ማንን ነው? እሷን? ራሴን? ሦስት ቀን ቆርኪውን ይዤ ሳስብ ቆይቼ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ።

ሲስተር ሮዛ አርጅተዋል። በዱላ ነው የሚሄዱት፤ የስፖርት ጫማው ግን አልቀረም። ክፍላቸው ያው ናት፣ ብርቱካንም ትሸታለች። ሲያዩኝ ሊያቅፉኝ ተነሱ። እኔ ቆርኪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አነሱት፣ አገላበጡት፣ እንደገና አገላበጡት። ተቀመጡ።

"ለማንም አልናገርም ብለውኝ ነበር፣ ሲስተር።"

"ብዬህ ነበር" አሉ።

ሰበብ ይፈልጋሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ለመጨቃጨቅ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። እሳቸው ግን ቆርኪውን በመዳፋቸው እንደያዙ ቀስ ብለው ተናገሩ። "መናገሬ ልክ ነበር፣ ልጄ። ዛሬም ቢሆን እናገራለሁ። አልናገርም ማለቴ ነው ያጠፋሁት። እንድታወራ ስለፈለግኩ የማልጠብቀውን ቃል ሰጠሁህ።" ከዚያ በዱላቸው ወደ በሩ ጠቆሙኝ። ከበሩ ጀርባ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ልጅ ሲገባ መጀመሪያ የሚነበብለት ነው አሉ። የሰውን ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከነገርከኝ ለብቻዬ አልይዘውም፤ ለማን እንደምናገር ግን ቀድሜ ለአንተ እነግርሃለሁ፣ ከፈለግክም አብረን እንናገራለን ይላል። ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ጠየቅኩ። ፍሬ ወደ እንጦጦ ከሄደችበት ወር ጀምሮ አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የተናደድኩት። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት በዚህ ግቢ ውስጥ ተምሬያለሁ። በየቀኑ በክፍሌ በር ላይ ያልፉ ነበር። ወረቀቱን ለማላውቃቸው ልጆች ሁሉ አንብበዋል። ለእኔና ለፍሬ ግን አንድ ቀን ጠርተው "አጥፍቻለሁ" አላሉንም። ይህንን አልኳቸው። እርስዎ ብያቸው ነው እንጂ ድምፄ ጥሩ አልነበረም። ዓይናቸውን ጠረጉና ብርቱካን አነሱ፤ መልሰው አስቀመጡት። ቆርኪውን ተቀብያቸው ወጣሁ። ይቅር አላልኳቸውም። አላልኩም ብዬ መጻፌ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነቱ እሱ ነው። ስወጣ በየበሩ ያለውን ጣውላ አየሁ። አሁን ቆርኪ የለም፤ ከፕላስቲክ የተቆረጠ ክብ ነገር ነው፣ ቢጫና ሰማያዊ፣ ያምራል። አንዲት ትንሽ ልጅ ተንጠራርታ የራሷን ወደ ሰማያዊ ገለበጠችና ማንም ሳይጠይቃት ወደ ክፍሏ ገባች።

የካ አባዶ ታክሲ ውስጥ መስኮት ጋ ተቀምጬ ቆርኪውን በጥፍሬ መፋቅ ጀመርኩ። ፍሉዱ ደርቆ ስለነበር በቅርፊት በቅርፊት ይነሳል። ከሥሩ የሰሌዳው ቀለም እንዳለ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጉልበቴ ላይ የረገፈውን አይተው ምን እንደምልጥ ጠየቁኝ። ቆርኪ ነው አልኳቸው። "በዚህ ዕድሜህ?" ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ፍሬ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ነገር ግን እኔም ደብቄ ነበር። ፍሬ የሞተችው ቅዳሜ ጠዋት፣ ውሃ በሚመጣበት ተራችን ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ በርሜሉን እየሞላች፣ ሳፋው ላይ አጎንብሳ ልብስ ስታጥብ ጣላት፤ ፊቷ ውሃው ውስጥ ቀረ። እኔ ከጎን ባለው ክፍል ስልኬን እያየሁ ነበር። በርሜሉ ሞልቶ ውሃው ወለሉ ላይ ሲፈስ ሰምቻለሁ። ራሷ ትዘጋዋለች ብዬ አልተነሳሁም። ረጅም ጊዜ ነው የፈሰሰው። ለጠየቀኝ ሁሉ ኢርፎን ጆሮዬ ላይ ነበር፣ አልሰማሁም ብያለሁ።

ቤት ስገባ ቆርኪውን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ፎጣ በምንሰቅልበት ምስማር ሰቀልኩት፣ ጥቁሩን ወደ ውጭ አድርጌ። እማዬ ስታልፍ አየችው። የወላጆች ስብሰባ ላይ ስለተነገራት ምን እንደሆነ ታውቃለች። አልጠየቀችኝም። ትንሽ ቆይታ ከማዕድ ቤት፣ "ናሆም፣ ና እስቲ ሽንኩርት ላጥልኝ" አለች። ገብቼ ተቀመጥኩ፣ ላጥኩላት፣ ነገርኳት። ቢላዋዋ ቆመ። ከዚያ እሷም በዚያ ጠዋት ሱቅ በር ላይ ከጎረቤት ጋር ወሬ ይዛ መዘግየቷን፣ ለአባዬም ሰልፍ ነበር ማለቷን ነገረችኝ። ሁለታችንም ሽንኩርቱ ላይ አቀረቀርን።

ያኔ ኮረብታው ላይ ፍሬ ሚካኤልን አስብላኝ ነበር። ሲስተር ሮዛም ማንም ሳያስምላቸው ቃል ሰጥተውኝ ነበር። ዛሬ እማዬን ምንም አላስባልኳትም። ለማንም እንዳትነግሪ አላልኳትም።